የጎረቤት ጭርት

አዳማ፣ ከቀትር በኋላ፤ ፋርማሲስቷ ምንትዋብ ከመስኮቷ ጀርባ፣ ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካዩ ዘሪሁን ከመስኮቱ ማዶ።

ዘሪሁን፦ ከዛሬ ጀምሮ የቤቴን ስም በዚህ መስኮት እንዳትጠሪ!

ምንትዋብ፦ ኧረ እኔ ስም ጠርቼ አላውቅም። «ፀጉርህን የት ተቆረጥክ?» ብዬ ብቻ ነው የምጠይቀው። ጭርታቸውን እያከኩ ወዳንተ የሚጠቁሙት እነሱ ናቸው።

ዘሪሁን፦ ስለ ትራሳቸው ጠይቂያቸው! ስለ ድመታቸው ጠይቂያቸው! ሰፈሩ እኮ የራሱን ማሽን በፌስታል ይዞ መምጣት ጀመረ። ትናንት አንዱ ፎጣም ይዞ መጣ፤ ነገ ወንበር ተሸክሞ ይመጣል።

ምንትዋብ፦ ጥሩ ነዋ፣ ወንበርህ ይረፍ።

ዘሪሁን፦ ጀርም የሚገድል ስቴሪላይዘር አለኝ እኮ! ሰማያዊ መብራት የሚያበራ!

ምንትዋብ፦ አይቼዋለሁ። ባለፈው ዝርዝር ብር ፍለጋ ስመጣ ሳምቡሳ አወጣህበት። ሳምቡሳህ ከጀርም ድኗል፤ የቀረው የሰዉ አንገት ነው።

ዘሪሁን፦ አይ አፍ! እሺ፣ የሰርግሽ ነገርስ? እኔ ጎረቤት እያለሁ ሙሽራውንና ሚዜዎቹን ሌላ ሰው ሊያስተካክል? «ሙሽራዋ እንኳ ከለከለች» ከተባለ እኮ መዝጋቴ ነው።

ምንትዋብ፦ ለይርጋ አንዴ ነው የነገርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ደጅህን ረግጦ አያውቅም። እጮኛዬ ሲነገረው የሚሰማ ወንድ ነው።

ዘሪሁን፦ ታድለሽ።

ምንትዋብ፦ ይልቅ ያንን እጅህን ምን ኪስህ ውስጥ ከተተው?

ዘሪሁን፦ በርዶኝ ነው።

ምንትዋብ፦ በአዳማ ሙቀት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አውጣው!

ዘሪሁን፦ ሰዓቴ ነው ያሳከከኝ። አንቺስ ከመጣሁ ጀምሮ አገጭሽን ታኪ የለ?

ምንትዋብ፦ የኔ ሙቀት ነው። አምጣ እጅህን... ይኸውልህ! ዳሩ ቀይ፣ መሃሉ የጠራ፣ ድቡልቡል ያለ ክብ። ሰዓትህ ነው አይደል? ታዲያ ስንት ሰዓት ይላል?

ዘሪሁን፦ ነጭ ሽንኩርት አሸሁበት። እሱ እንቢ ሲል የባለቤቴን የፊት ቅባት...

ምንትዋብ፦ ሽንኩርቱ ቆዳህን አቃጠለ፣ ቅባቱ ጭርቱን ቀለበ። ምናለ ሹሮም ብትጨምርበት!

ዘሪሁን፦ ቀልጂ አንቺ። ልጆች አሉኝ፣ ምንትዋብ። ፈርቼ ነው የጮህኩት።

ምንትዋብ፦ ...እሱንስ አውቃለሁ። ስማ፣ ይህን ቅባት ጠዋትና ማታ ትቀባለህ። ጠፋ ብለህ እንዳታቆም፣ አቁም እስክልህ ድረስ ተቀባ። እስኪድን ጓንት አድርግ። ማሽኑን ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ጥረግ፣ በአልኮልም አጽዳው። ራሳቸው ላይ የወጣባቸውን ልጆች ግን ወደ ጤና ጣቢያ ላካቸው፤ የራስ ጭርት ክኒን ይፈልጋል፣ በቅባት አይድንም። ሳምቡሳህንም እንደ ሰው በሳህን ብላ።

ዘሪሁን፦ ስሜስ?

ምንትዋብ፦ እንዳልኩህ ካደረግህ እኔው ራሴ ሰው እልክልሃለሁ። በል፣ አንድ ቅባት ይበቃሃል።

ዘሪሁን፦ ሁለት አድርጊው።

ምንትዋብ፦ ሁለተኛው ለሰዓትህ?

ዘሪሁን፦ ለይርጋ። ሲነገረው የሚሰማው እጮኛሽ በየሳምንቱ በጓሮ በር እየገባ ፂሙን ያስተካክላል። አገጩ ሥር የኔው ዓይነት ክብ ወጥቶበታል፤ «አደራ እንዳትሰማ» ብሎኝ ነበር።

ምንትዋብ፦ ይርጋ? የኔ ይርጋ?

ዘሪሁን፦ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ! እንዲያውም ሦስት አድርጊው፤ አሁንም አገጭሽን እያከክሽ ነው።