ከለንደን የመጣችው ካርድ

ነይ ነይ፣ የሞጂ እናት፣ እንኳን ደህና መጣሽ! እዚህ ካርቶኑ ላይ ተቀመጪ፤ የወንበሩ እግር ተሰብሯል። ሞጂ ደህና ናት? ትምህርቷስ? እሰይ። ባለቤትሽንስ ፖርት ሃርኮርት ተስማማው? አይ ሙቀት! ይሄ ሌጎስ ዘንድሮ ሊቀቅለን ነው የተነሣው። በረዶው ውስጥ ቀዝቃዛ ዞቦ አለ፣ አንሺና ጠጪ። ጄኔሬተሩን አትስሚው፤ መብራት ከሄደ ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ያጓራል። ድምፄ ጎላ ካለብሽ በሱ ምክንያት ነው እንጂ... ሌላ ሰው እንዲሰማ ብዬ አይደለም።

በር ላይ ቆመው ስልክ የሚያወሩት የባለቤትሽ ወንድም ናቸው አይደል? ከለንደን የመጡት? አምሮባቸዋል! በዚህ ሙቀት ካፖርት! እውነታቸውን ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ብርድ የለመደ ገላ በአንዴ አይለቀውም። ወደ ጥላው ጠጋ ይበሉ በያቸው። እዚያው ይሻላቸዋል? እሺ፣ እንደፈለጉ። እዚያም ሆነው ይሰማል።

ጉዳይሽን ሰምቻለሁ። ቅዳሜ አንቺ ጌም ቤት የኳስ ጨዋታ ውድድር አለ፤ የሾሞሉ ሰፈር ልጅ በሙሉ የሚጎርፈው አንቺ ጋ ነው። ከፊት ለፊትሽ ያ አዲሱ ጌም ቤት ከተከፈተ ወዲህ ደንበኛሽ እየሳሳ ነው ይሉኛል። ያ አሮጌ ኮምፒውተርሽ ቅዳሜ ጨዋታው መሃል ላይ ድርግም ካለብሽ፣ ልጆቹ መንገዱን ይሻገራሉ፤ አንዴ ከተሻገሩ ደግሞ ማን ይመልሳቸዋል? ግን ባለሙያ ዘመድ ቤትሽ ተቀምጦ ምን ያስጨንቅሻል? የጌሙን ምስል የምታወጣዋን ካርድ ከለንደን በወዳጃቸው በኩል አስመጥተውልሻል፤ የቀረውን ከእኔ ልትገዢ ነው። የሱቁንም ቁልፍ እስከ ቅዳሜ ለሳቸው ልትሰጪ ነው? ዛሬውኑ? ከነገንዘብ ሳጥኑ? እሰይ! ዘመድ ማለት እንዲህ ነው። ሸክምሽን ያቀልልሻል... ያለሽን ሁሉ ያቀልልሻል።

እኔ እንግዲህ ሃያ ዓመት እዚህ ገበያ ስቀመጥ ስለ ሰው ማውራት አላውቅበትም። የማውቀው ዕቃ ነው። በትንሽ ገንዘብ ጌም ኮምፒውተር ለሚያድስ ሰው ሁሌም የምለው፣ በመብራት አትታለል ነው። አንዳንድ ካርድ አለ፣ ቀይ ሰማያዊ እያበራ ከሩቅ የሚጣራ። ቤት ሲገባ ቤቱን ያደምቀዋል። ስሙ ረጅም፣ ወሬው ብዙ። ሥራ ስትሰጪው ግን ይሞቀዋል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ እልም! ብቻውን ቢጠፋ እኮ ደግ ነበር። ስለ ካርድ ነው የማወራው እንግዲህ።

ፓወር ሰፕላይ ደግሞ አለልሽ። ከታች ጥግ ላይ ተደብቆ ሁሉን ኤሌክትሪክ የሚያበላው እሱ ነው፤ አመስጋኝ ግን የለውም። እንዳንቺ። አቅሙን ሳይጠይቁ ላዩ ላይ ካርድ መጫን ነውር ነው። እሳቸው ስንት ዋት እንደሚችል ጠይቀውሻል? አልጠየቁም? አይ፣ ለንደን መብራት ስለማይጠፋ ረስተውት ይሆናል። ማዘርቦርዱንስ ከፍተው አይተውታል? እሱንም አላዩም? "እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ" ይባል የለ? ማዘሩን ሳያይ ካርድ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን... ጋብቻውን አይደለም የፈለገው፣ ድግሱን ነው።

እስኪ ካርዷን አውጪያት። ውይ፣ ስታምር! ቶኩንቦ ናት በይኛ፣ ባሕር ተሻግራ የመጣች። እዚህ ገበያ ቶኩንቦ የተባለ ነገር ዋጋው ሰማይ ነው፤ ዕቃም ይሁን ሰው። እንደ እኔ እዚሁ ያረጀውንማ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? አንዴ እዚህ ጎረቤት ቤኒን፣ ኮቶኑ ደርሼ ስመለስ ቶኩንቦ በሉኝ ብላቸው ሳቁብኝ። ምን ያስቃል? ወደ ኮቶኑም እኮ ውሃ ትሻገሪያለሽ... ድልድይ አለው እንጂ።

ቆይ... መነጽሬን አቀብዪኝ። ይቺ ብሎኗ ላይ ያለችው ምንድን ናት? ቀይ፣ ብልጭልጭ ያለባት... ጥፍር ቀለም! አይ የለንደን ሰዎች፣ እነሱም እንደኛ? እኔ የምሸጠው ዕቃ ብሎን ላይ አንድ ጠብታ ጥፍር ቀለም ጠብ እንደማደርግ ታውቂያለሽ፤ ደህናውን ወስዶ የሞተውን የሚመልስልኝ እንዳይኖር ነው። ቀለሙን ደግሞ ታስታውሺዋለሽ፣ ከልጄ ከቦላንሌ ሠርግ የተረፈው ነው። ጥፍር ቀቢዋ ራሷ ቀላቅላ ያወጣችው፣ ገበያው ቢታሰስ የማይገኝ። ይኸው ለንደን ተገኘ! ዓለም ጠባብ ናት ሲሉ አላምንም ነበር።

አንድ ደግ ሰው አስታወሰችኝ ልበልሽ? በዝናቡ ወራት የመጡ ናቸው። ኮፍያቸው እስከ ቅንድባቸው፣ ጭምብላቸው እስከ ዓይናቸው ሥር። ማራገቢያዋ የማይዞር ካርድ ነበረችኝ፣ "ለመለዋወጫ ብቻ" ብዬ ጥግ የጣልኳት። ሁለት ሳህን አማላ በፍየል ሥጋ በማይገዛ ዋጋ ሰጠኋቸው። አንድ ቃል አልተከራከሩኝም! ደረሰኝ እንዳልጽፍ ብቻ ለመኑኝ። ወረቀት እንዳይባክን አስበው ይሆናል። ፊታቸውን አላየሁም፤ ካፖርታቸውን ግን... ተይው፣ ካፖርት በየቤቱ አለ።

በይ መሞከሪያው ላይ ልሰካትና እንያት። ኧረ፣ እሳቸውም መጡ? አትንኪያት ነው የሚሉኝ? ተጨንቀውላት ነው፣ ምስኪን። ኧረ ጣታቸውን! የመሞከሪያው ማራገቢያ ክዳን የለውም በያቸው... ይኸው መታቸው። ምን አሉ? "ሞን ዲዩ"? ሲያምርባቸው! ለንደን ሲደነግጡ እንዲህ ነው የሚሉት? የኮቶኑ ደንበኞቼም ልክ እንዲሁ ነው የሚሉት፤ እነሱ እንኳ የአገራቸው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለሆነ ነው። ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝ አገር ተቀምጦ በፈረንሳይኛ መደንገጥ... ትልቅ ተሰጥኦ ነው! የአክስቴ ልጅ ኮቶኑ ጫማ ትሸጣለች። ከጎኗ ዘጠኝ ዓመት አሮጌ ካፖርት የሸጠ አንድ የሌጎስ ሰው ነበር፣ ጨዋ ሰው፣ በቅርቡ አገሩ ገባ ትለኛለች። ያ ሌላ ሰው ነው። "ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" እያሉ ሰው ሁሉ በጅቡ ይፈርዳል፤ እኔ ግን አዝንለታለሁ። ምንም ቢሆን አገሩ ድረስ ሄዷላ!

እያት፣ መብራቷ ቦግ አለ። እልልታ ነው! ማራገቢያዋስ? አልዞረም። ትንሽ እንታገሣት፣ የመንገድ ድካም ይሆናል፤ ባሕሩ ሩቅ ነው። አንድ... ሁለት... ጠፋች። ስክሪኑንም ይዛው ጠፋች። ቅዳሜ ልጆቹ ፊት እንዲህ ብትሆን ኖሮ ብለሽ አስቢው እስኪ።

ስሚኝ፣ የሞጂ እናት። ያንን ቤት ባንዲት አሮጌ ቴሌቪዥን ጀምረሽ፣ በልተሽ ሳታድሪ ስታቆሚው በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ ሌላ ምንም የለኝም። ይቺን ካርድ ውሰጂ። መብራት የላትም፣ ስሟም አጭር ነው፣ ባሕር የምታውቀው በወሬ ነው። እዚሁ ሌጎስ ነው ያረጀችው፤ ግን ቀኑን ሙሉ ትሠራለች፣ አትጮኽም። ደህና ፓወር ሰፕላይ እጨምርልሻለሁ፣ የኮምፒውተሩንም ራም ከአንድ ወደ ሁለት። ፕሮሰሰሩን አትንኪው፣ ይበቃሻል። ዓርብ ራሴ መጥቼ እገጥምልሻለሁ። ብሎኗ ላይ ቀይ ጠብታ ታያለሽ... ከለንደን መጣች እንዳትዪ ብቻ።

ቁልፉን ወደ ቦርሳሽ መለስሽው? ደግ አደረግሽ። በዚህ ሙቀት እጅ ላይ ሲቆይ ላብ ያዝገዋል።

ምነው፣ እሳቸው ሊሄዱ ነው? ስልክ ተደወለላቸው? ከለንደን ይሆናላ! ይሂዱ፣ ይሂዱ፣ ሥራ አለባቸው። ስልኩ ግን ቅድም ሲያወሩበትም ስክሪኑ ጥቁር ነበር... የዘመኑ ስልክ እንዲህ ነው መሰለኝ። ሳይመረቁማ አይሄዱም፣ ነውር ነው፤ የደንበኛዬ ዘመድ ናቸው። ፈጣሪ መንገድዎን ጨርቅ ያድርግልዎ ብላለች በያቸው። ጤና ይስጣቸው። ካፖርታቸውን ብል አይብላው። ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ ያርዝመውና... ለንደንንም ሳይሞቱ በዓይናቸው ያሳያቸው! አሜን በዪ እንጂ፣ የሞጂ እናት!