ባለ ስድስት በሩ አሮጌ ቤት

ጣልያን ባሕር ዳር በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከሐይቁ ዳር ወደ ገበያ ስወጣ ታንኳ ሠሪውን አቶ መስዑድን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ካይሮ ኮሌጅ ተምሬ ከተመለስሁ ወዲህ ባዩኝ ቁጥር መቀለድ ይወዳሉ።

«ቡርሀን፣ መጽሐፍህን ዕጠፍና ተከተለኝ። የወይዘሮ ከሪማን ባለ ስድስት በር የኪራይ ቤት ልገዛ ነው። ምሳ ጠርተውኛል።»

«ቤቱን አይተውታል?»

«ስንት ዘመን በደጁ አልፌያለሁ። አሁንማ ኖራ ተቀብቶ ሙሽራ መስሏል።»

«ውስጡን ማለቴ ነው፣ አጎቴ።»

«የሰው እንጀራ በልቼ ግድግዳውን ልደበድብ? ነውር አይደለም እንዴ?»

በአገራችን የሰው ማዕድ የቀመሰ የዚያን ቤት ጉድለት አያወራም። ደግ ልማድ ነው። ቤት ለሚገዛ ሰው ግን አፍ ማስያዣ ይሆናል። አቶ መስዑድ ደግሞ ያፈሩትን ሁሉ ይዘው ነበር የሚሄዱት።

«እንግዲያው ሳይበሉ ይዩት። አሮጌ ታንኳ ሲገዙ ምኑን ነው የሚያዩት?»

«ገልብጬ ሆዱን ነዋ። ታንኳው የታሰረበት ደንገል የሚበሰብስ ከታች ነው።»

«ቤቱን ሲሆን ፊቱ በቃዎት?»

መንገዳቸውን ቀጠሉ። «ቢበሰብስስ ምን ቸገረኝ? የጣልያኑ ጦር ሹም አስተርጓሚ ስድስቱንም ለወታደር እከራያለሁ ብሎኛል። ያሉትን አስወጣ ነው ያለኝ።»

«ያሉት እነማን ናቸው?»

«ሸማኔው ሣህሉ፣ ዓሣ ሻጯ ራሂማ፣ ሌሎችም። ታውቃቸዋለህ።»

«ወታደሩ ኪራዩን ቢያስቀርብዎ ለማን ይከሳሉ? ለዚያው ለሹሙ? ውጣ ሊሉት የማይችሉት ሰው ተከራይ አይደለም፤ ባለቤቱ እሱ ነው። በገንዘብዎ ገዝተው ለነሱ ማስረከብ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ምላስህ ያሰቅልሃል።»

«ይሆናል። ግን ተሳሳትህ አላሉኝም።»

«አላልሁም» አሉ።

ስንደርስ ማዕዱ ቀርቦ ነበር። አቶ መስዑድ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ወይዘሮ ከሪማ። ቤቱን ሳላይ አልበላም።»

የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ። ሽማግሌው ግን ወደ ጓሮ ዞረው በሐይቁ በኩል ያለውን ግድግዳ ከሥሩ ቢወጉት ጣታቸው እስከ አንጓው ገባ። እኔ ደግሞ ራሂማን ጠየቅኋት። የዳር ሁለቱ ክፍሎች ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ እየገባባቸው ባዶ ይከርማሉ፤ አራቱን ግን ከእናቷ ዘመን ጀምሮ ሰው ተለይቷቸው አያውቅም አለችን።

«የምገዛው አራት በር ነዋ» አሉ አቶ መስዑድ።

ወይዘሮ ከሪማ ብዙ ተከራክረው በአራት በር ዋጋ ተስማሙ። ምሳውን የበላነው ከዚያ በኋላ ነው።

ግዥው ካለቀ ብዙም ሳይቆይ አስተርጓሚው አቶ መስዑድ ታንኳ ከሚሠሩበት መጣ።

«ቤቱ ሰው አለበት» አሉት አቶ መስዑድ፣ ደንገል ማሰራቸውን ሳያቋርጡ።

«ይውጣ።»

«አይወጣም።»

ወታደሮች ወስደው አሰሯቸው፤ እሺ አልል ቢሉ ለቀቋቸው። ተፈትተው ሲመጡ እነ ሣህሉ የዳሩን ግድግዳ ከሥሩ በድንጋይ ገንብተው ጠበቋቸው። በተከታዩ ክረምት ስድስቱም በር ሰው ነበረበት፤ ኪራዩም አልተቋረጠም። አሮጌ ቤት ሲገዛ ከኖራው ይልቅ የግድግዳውን ሥር ማየት፣ ከሻጩ ይልቅ ነባሩን ተከራይ መጠየቅ የሚያስገኘው ይህን ነው። ወታደሮቹም እስከሚወጡ ድረስ በድንኳናቸው ቀሩ።

አንድ ቀን አቶ መስዑድ ከመንገድ ማዶ ጠሩኝ።

«ቡርሀን፣ ሐሙሲት ከተማ የሚሸጥ ቤት አለ ይሉኛል። ና እንሂድ። ቁርስህን ግን ከቤትህ ብላ።»