በግድግዳ ማዶ የሚጸለይ ጸሎት

ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ ስመለስ፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ከአንዲት ወጣት ነርስ ጋር የሕንፃችን ደረጃ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ደረስኩ። ወጣቷ፣ እግራቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ የዋሉት የጡረተኛዋ አዋላጅ የወንድም ልጅ ናት። ባዶ ሻንጣ ይዛለች። ሰላም ብዬ ላልፍ ነበር፤ መምህርነት ግን ክፉ አመል ነው፣ ክርክር ሲሰማ እግር አይነሳም።

"አክስቴን ወደ መጦሪያ ቤት ልወስዳት ነው" አለች ነርሷ። "ዕድሜዋን የኖረችበትን ክፍል አለቅም ብላ እያለቀሰች ነው። እኔ ግን ቀን ሥራ ላይ ነኝ፤ እዚህ ደግሞ ብቻዋን ናት።"

ልብስ ሰፊው ቅር አላቸው። "ልጄ፣ እኔ ግድግዳ ተጋርቼ እያለሁ እንዴት ብቻቸውን ይሆናሉ? በየጠዋቱ ስማቸውን ጠርቼ እጸልይላቸዋለሁ። እንዲሰሙኝም ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። እሳቸውም ግድግዳውን እያንኳኩ አብረውኝ ይጸልያሉ። ሲያንኳኩ ልቤ ይሞቅና ጸሎቱን አስረዝመዋለሁ።"

እኔ ሳቅ አመለጠኝ፤ ወዲያው ግን የነርሷን ፊት አይቼ አፈርኩ።

"ጋሼ፣ የምታንኳኳው እኮ ውሃ እንዲያቀብሏት ነበር" አለች ቀስ ብላ።

ልብስ ሰፊው የደረጃውን መደገፊያ ያዙ። "ታዲያ ለምን አልተጣሩም?"

"ጸሎት ላይ ያለ ሰው ማቋረጥ ነውር ነው ብላ።"

"ሴት ብቻዋን ያለችበት ቤት ዘው ማለትስ ለእኔ ነውር አይደለም? ሰው ምን ይላል? የእኔ ድርሻ ጸሎት ነው፤ ማስታመም የሴቶችና የሐኪሞች ሥራ ነው።"

"ጸሎትዎን አላቃለልኩም፤ እንዳይተዉት። ግን ጌታ በሽተኛ ሲያገኝ ድርሻዬ አይደለም ብሎ አላለፈም። የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ሰው ምን ይለኛል አላለም። እርስዎስ በር ከፍተው 'እንዴት አደሩ፣ ምን ላቀብልዎ?' ቢሉ እምነትዎ ይጎድላል?"

"አይጎድልም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ግን በሽተኛ አስታምሜ አላውቅም፤ ምን እሠራለሁ?"

"ውሃ መቅዳት ያውቃሉ። መስኮት መክፈትም ያውቃሉ። የሽንት ዕቃ መድፋት ደግሞ አስተማሪ አያስፈልገውም።"

እዚህ ላይ ነገሩ የተበላሸ መሰለኝ። ልብስ ሰፊው ክብራቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው፤ ሱቃቸው ውስጥ የወደቀ ክር እንኳ ጎንበስ ብለው አያነሱም። እሳቸው ግን "ሻንጣውን እስከ ነገ አቆዪልኝ" አሉና ወደ አዋላጇ ክፍል ወጡ።

ሻንጣው ባዶውን ተመለሰ። ልብስ ሰፊው ከጸሎት በኋላ ውሃ ይወስዳሉ፤ የሽንት ዕቃውንም ይደፋሉ። የመጀመሪያው ቀን አዋላጇ በሀፍረት ፊታቸውን ተሸፍነው ነበር አሉ። ይህን ያየች የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ሾርባ ማምጣት ጀመረች፤ እኔም አንሶላ አጥባለሁ። ሰው ምን ይላል ተብሎ የተፈራው ሰው ያለው ነገር ቢኖር "እኔስ ምን ላግዝ?" የሚል ነው። ደረጃ ላይ ተገፋፍተን እንተላለፍ የነበርን ጎረቤቶች ዛሬ እንጠያየቃለን። አዋላጇም በገዛ ክፍላቸው ውስጥ ምርኩዝ ይዘው መራመድ ጀምረዋል።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊውን "ሥራ ሲበዛ ጸሎቱ አጠረ እንዴ?" ብዬ ለከፍኳቸው። አልሳቁም።

"ያን ሁሉ ጊዜ ስጸልይላቸው" አሉ፣ "የተሰበረው የትኛው እግራቸው እንደሆነ አላውቅም ነበር።"