ጥቁሯ ትቅደም

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ እዚህ የቆማችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ የተከበሩ ሰባኪያችን፤ እናንተም ልጆቹ። ፀሐዩ በርትቷል፣ መቆሙም አድክሟችኋል፣ አውቃለሁ። አላስረዝምም ብዬ ግን ቃል አልገባም። ይሄን ሰውዬ በአጭሩ ተናግሬው አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም።

ለማታውቁኝ፣ አጥር የምንጋራ ጎረቤቱ ነኝ። እሱ በጎቹን ይሸልታል፣ እኔ ሱፉን እፈትላለሁ፣ ሹራብ እሠራለሁ። ጠጉሩ ከመንጣቱ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ባዘቶ ይለው ነበር። እኔን ደግሞ እሱ እንዝርት አለኝ። ቀጭን ነሽ፣ መሽከርከርም አይደክምሽም ብሎ ነው። አንቱ ብዬው አላውቅም። አሁን መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ አንቱ ብለው ራሱ ይስቅብኛል።

ተናገሪ ስትሉኝ ጥሩ ጥሩውን ማለታችሁ እንደሆነ ገብቶኛል። ጥሩ ሰው ነበር። ይኸው ተናገርኩ። እኔ ግን ተናድጃለሁ። የሞተ ዕለት ተናደድኩ፣ እስካሁንም አልበረደልኝም። እንባ እንኳ እምቢ አለኝ። በማን ነው የተናደድሽው ብትሉኝ፣ መጀመሪያ በእሱ ነው።

ጥቁሯን በግ የማያውቅ አለ? ጋሽ ባዘቶ ጥቂት በጎች ነበሩት። ለሥጋ አይደለም የሚያረባቸው፣ ለሱፋቸው ነው። ሁሉም ነጭ ናቸው፣ ከአንዷ በቀር። አንዷ ጥላሸት ናት። ሱፍ ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ በግ ሲሸለት ነጮቹ ይቀድማሉ፣ ጥቁሯ መጨረሻ ትሆናለች። ለምን? ጥቁሯ ከቀደመች ጠጉሯ ምንጣፉ ላይ ይቀራል፣ መቀሱ ላይ ይቀራል፣ የሸላቹ ሱሪ ላይ ይቀራል። ከዚያ ነጩ ውስጥ ይገባል። አንዴ ከገባ በጣት እየለቀሙ ማውጣት ነው፤ ዓይን ይጠፋል። ነጭ ሹራብ ደረቱ ላይ ጥቁር ጠጉር ይዞ ሲመጣ ደንበኛ ምን የሚል ይመስላችኋል? የሠራተኛዋ ፀጉር ነው ይላል። የእኔ ፀጉር።

ጋሽ ባዘቶ የሚሸልተው በየዓመቱ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ የሚያወጣት ደግሞ ጥቁሯን ነው።

«ነጩ ይቅደም» እለዋለሁ ከአጥሩ ማዶ።

«ጥቁሯ ትቅደም» ይለኛል፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«ሰውዬ፣ ሱፌን አበላሸኸው እኮ።»

«እንዝርት፣ አንቺ ፍተይ፣ እኔ ልሽለት።»

«እሺ፣ ምንጣፉን እንኳ ቀይረው።»

«ምንጣፉ ምን አጠፋ?»

ሚስቱ በሕይወት እያለች መሀላችን ገብታ ትገላግለን ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ገላጋይም ጠፋ። ምክንያቱን ስንት ጊዜ ጠየቅኩት መሰላችሁ። ይስቃል። ያቺን በግ ጉልበቱ መሀል ይዞ ይስቃል። ሰው ሲጠየቅ አይመልስም እንዴ?

በፈጣሪም ተናድጃለሁ። ሰባኪያችን ይቅር ይበሉኝ፤ ይሄን ያስተማረኝ ሟቹ ነው። በጸሎት ቤታችን ዓመቱ ሲዘጋ ሰው ተራ በተራ እየተነሳ ያመሰግናል። አንዱ ስለ ጤናው፣ አንዷ ስለ ልጇ ፈተና፣ ሌላው ስለ አዲሱ ጣራው። ሁሉም ደስ ደስ የሚለውን መርጦ ነው የሚመጣው። ከዚያ ጋሽ ባዘቶ ይነሳል። ኮቱ ላይ መቼም ሱፍ አይጠፋም። ሚስቱ በሞተችበት ዓመት ተነስቶ ያለውን የረሳ አለ?

«ጌታ ሆይ፣ ዘንድሮ የሠራኸው አልገባኝም። ላለፉት ዓመታት አመሰግንሃለሁ። በዚህኛው ግን ተኳርፈናል። እመጣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አልዘምርም።»

ይሄን አለና ቁጭ አለ። ሰባኪያችን ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «አሜን» አሉ። ምን ይበሉ? እሱም እንዳለው አደረገ። ዓመቱን ሙሉ መጣ፣ ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ አፉን ዘጋ። አንድ ቀን አልቀረም። ዓመቱ ዞሮ ሲያልቅ ደግሞ ተነሳና «ታርቀናል፤ አሁንም ግን አልገባኝም» አለ። ከዚያ ጮክ ብሎ ዘመረ። ድምፁ እንዴት አስቀያሚ እንደነበር መቼም ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እንግዲህ እኔም ዛሬ ተኳርፌያለሁ። እመጣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ መዝሙር ግን ከእኔ አትጠብቁ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ የተናገረውስ? ልጆቹ፣ ስሙኝ፤ እናንተ በዚያን ቀን አልነበራችሁም። «ጌታ ሆይ» አለ፣ «እኔ ካንተ ጋር ተኳርፌ ከቤትህ ቀርቼ አላውቅም። ልጆቼ ግን እርስ በርስ ተኳርፈው የእኔን ቤት ተዉት። ይሄን አንተ ካልሆንክ ማን ያስተካክለዋል?» ብሎ ተቀመጠ። ምስጋና ሳይጨምርበት።

ልጆቹን የማታውቁ፣ ያውላችሁ። ወንዱ የጋራዥ ባለቤት ነው፣ ሴቷ አስተማሪ ናት። እናታቸው ካረፈች በኋላ ወንዱ «አባዬ እየደከመ ነው፣ በጎቹ ይሸጡ» አለ። ሴቷ «በጎቹ ከተሸጡ አባዬ ጠዋት ለምን ብሎ ይነሳል?» አለች። እስቲ ንገሩኝ፣ ከሁለቱ አባቱን የማይወድ የትኛው ነው? ሁለቱም ስለ እሱ ብለው ተጣሉ፣ ሁለቱም ስለ እሱ ብለው ቀሩ። መጡ ከተባለም ተራ ይዘው ነው። መጀመሪያ ለእኔ ይደውላሉ። «እትዬ፣ እሷ አለች እንዴ?» «እትዬ፣ እሱ ሄደልኝ?» በስተርጅና ዘበኛ አደረጉኝ።

ቀጥሎ ሕመሙ መጣ። ሐኪሙ ዛሬውኑ ተኛ ሲለው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሽለታዬን ልጨርስ።» አብደሃል ወይ አልኩት። በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሸለተ። መጀመሪያ የትኛዋን? እናንተው ታውቁታላችሁ። ከአጥሩ ማዶ ጮህኩበት። ሳቀ፣ ከዚያ አሳለው። ሲጨርስ እጁን ታጠበና ሆስፒታል ገባ። በዚያው ቀረ።

የቀረበት ሁኔታ ነው የሚያንገበግበኝ። ቀዶ ሕክምና ስላለህ ምግብ አትቅመስ አሉት። ዛሬ ነው ሲሉ ለነገ ይተላለፋል። ነገ ሲደርስ ለሌላ ቀን። ሾርባ ይዤ እሄዳለሁ፣ ይዤው እመለሳለሁ። ነርሷን ለመንኳት፤ «እናቴ፣ እኔም ታዝዤ ነው» አለችኝ፣ እሷም አሳዘነችኝ። እሱ አይማረርም። ያ በፈጣሪ ላይ የሚያኮርፍ ሰው ለአልጋው ጎረቤት ስለ በግ ሰኮና ያወራል። የመጨረሻ ቀን ብቻ እጄን ያዘኝና «እንዝርት» አለኝ፣ «ርቦኛል።» ከዚያ በኋላ ያወራኝ ነገር የለም።

እሺ፣ ትናንት ደግሞ ምን ሆነ? ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ወንድምና እህት ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት ተገናኙ። የመጀመሪያ ንግግራቸው ምን ሆነ መሰላችሁ?

«ነገ ከቀብር በኋላ የበግ ነጋዴው መኪና ይዞ ይመጣል።»

«አፈሩ ሳይደርቅ?»

«ማን ነው የሚጠብቃቸው? አንቺ ነሽ፣ ከትምህርት ቤት እየተመላለስሽ?»

ጎረቤት እየሰማ ተጯጯሁ። እሷን ጎትቼ ሱፍ ማስቀመጫው ክፍል አስገባኋት። የዘንድሮው ሱፍ በየጆንያው ቆሟል፤ ነጩ ውስጥ ጥቁሩ ከሩቅ ይታያል። ሳየው ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። «ሌላው ይቅር፣ ያቺን ጥቁር እንኳ ይውሰዱልኝ» አልኳት። «ለዓመታት አቃጥላኛለች።»

ልጅቷ አፍጥጣ አየችኝ። «እትዬ፣ አታውቂም እንዴ?»

«ምኑን?»

በግ የሚሸለተው ሆዱ ባዶ ሆኖ ነው፤ ይሄን እኔም አውቃለሁ። ጠግቦ ከተገለበጠ ይታመማል፣ ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ አይበላም። ያቺ ጥቁር ግን፣ ልጅቷ እንደነገረችኝ፣ ስትወለድ እናቷ ሞተችባት። የጋሽ ባዘቶ ሚስት ወጥ ቤት ውስጥ ጡጦ እያጠባች አሳደገቻት። ደካማ ናት፣ ረሃብ አትችልም፤ ትንሽ ከቆየች እግሯ ይከዳታል። በመጀመሪያው ሽለታዋ ተራዋን ስትጠብቅ ወደቀች። ያን ጊዜ ሚስቱ «መጠበቅ የማይችል ይቅደም» አለች። ከዚያ ወዲህ ጥቁሯ ቀድማ ትሸለታለች፣ ቀድማ ድርቆሿ ላይ ትሄዳለች። ይኸው ነው ነገሩ። እህትና ወንድም ከመጀመሪያው ያውቁታል። ቤቱ ሁሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» አልኳት።

ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች። «እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹ተያት፤ እንዝርት ከአጥሩ ማዶ ካልተቆጣችኝ ሽለታው ሽለታ አይመስለኝም› አለኝ።»

ይሄን ሰው ምን ልበለው? ስታገለው ኖሬ መልሱን ይዞ ሄደ። አሁንም ግን እላለሁ፣ ምንጣፉን መቀየር ይችል ነበር። እዚህ ላይ ልክ ነኝ፤ ሞተ ብዬ አልለውጥም። ለብሶት የሚቀበረው ነጭ ሹራብ የእኔ ሥራ ነው። ደረቱ ላይ ጥቁር ጠጉር አለ። አልለቀምኩትም። የራሱ ጥፋት ነው፣ ይልበሰው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከዚያ እለቃችኋለሁ። ዛሬ ጠዋት በጎቹ ሲጮኹ ሰማሁ። ለቅሶ ቤት በግ ማን ያስታውሳል ብዬ ድርቆሽ ታቅፌ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለክሁ። ሰው ቀድሞኛል። ጋጣው ውስጥ፣ በለቅሶ ልብሱ፣ በዚያ በሚያብለጨልጭ ጫማው። ይሸጡ የሚለው ልጅ ነው። ነጮቹ ይጋፉታል፣ እሱ በጉልበቱ ይገፋቸዋል። ጥቁሯን ለብቻዋ አውጥቶ ከእጁ ያበላታል። «ቆዩ» ይላቸዋል ሌሎቹን። «ቆዩ፣ እሷ ትቅደም።» ዓይኔን ብጨፍን አባቱ ነው የምለው። ከዚያ ግንባሩን ጀርባዋ ላይ ደገፍ አደረገና ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ድርቆሼን ይዤ ተመለስኩ።

ልጄ፣ አትቆጣኝ። ማንም አላየኝም ብለህ ነበር። ያወጣሁብህ ሰው እንዲሰማ አይደለም፣ እህትህ እንድትሰማ ነው። አንቺም ዞር አትበይ፤ ወንድምሽ ነው።

እዚያ ዛፉ ሥር የቆምከው ወንድሜ፣ የበግ ነጋዴው፣ ለቀብሩ ስለመጣህ እግዜር ይስጥልን። አንተ ሥራህን ነው የምትሠራው፣ ካንተ ጋር ጠብ የለኝም። መኪናህ ግን ዛሬ ባዶውን ይመለስ። በጎቹ የእኔ አይደሉም፣ ዳኛም አይደለሁም። እነዚህ ሁለቱ ይቀመጡና ይነጋገሩ። ተነጋግረው ይሸጡ ካሉ ይሸጡ፣ አፌን እይዛለሁ። ሳይነጋገሩ ግን አንዲት በግ ከዚያ በር አትወጣም። በሩ ላይ እቆማለሁ። ቀጭን ነኝ፣ ግን እንዳያችሁት ዝም አልልም።

ጋሽ ባዘቶ። አሁን ካንተ ጋር ነኝ።

ርቦኛል አልከኝ። ሾርባው እጄ ላይ ነበር፣ አላስቀምስህም አሉኝ። ሆድህ ባዶ ሆኖ ተራህን ስትጠብቅ ሰነበትክ፤ አላዳረሱህም። ይሄ መቼም አይወጣልኝም። ለጌታህም ንገረው፤ እንዝርት ኩርፊያ ላይ ናት በለው፣ አሁንም አልገባትም በለው። ሚስትህ እዚያ አለች፤ እንደ ልማዷ መሀላችን ገብታ ትገላግለን።

እኛ እንቆያለን። እኛ ሆዳችን ይችላል። ስንት ዓመት ሙሉ ከአጥሩ ማዶ ነጩ ይቅደም ስልህ ኖርኩ። ዛሬ አልልም።

ቅደም፣ ወንድሜ። ሂድና ብላ።