በፌስታል የታሰረው ባትሪ

ክቡራትና ክቡራን፣ የጽዳት ክፍል ባልደረቦቼ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ይህን ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገለቶማ። ጋቢውን ስታለብሱኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም፤ አትቀየሙኝ። ዛሬ እዚህ ሁለት ጋቢ መኖር ነበረበት። እኔና ዱቤ "ጡረታ አብረን እንወጣለን" ተባብለን ነበር።

አዲስ የገባችሁ አታውቁትም። ዱቤ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ጋሪ እየገፋ ከየደጁ ቆሻሻ የሚሰበስብ ሰው ነበር።

"አዴ የሺ፣" ይለኝ ነበር፣ "የነቀምቴ ሰው የሚበላውን ይጥላል፣ የተበላሸውን ያስቀምጣል።"

ውሸቱን ነው? ከመካከላችሁ የማይሠራ ቴሌቪዥን ዳንቴል አልብሶ ሳሎን ያላስቀመጠ ማነው? አትሳቁ፤ የኔም አለ።

ከተጣለም አጣጣል አለው፤ እኛ ግን አላወቅንበትም። አንድ ጠዋት ዱቤ ጋሪው ሲሞላበት ፌስታሎቹን በክንዱ ጫን አደረጋቸው። በአንዱ ውስጥ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ በታች፣ ያበጡ የሞባይል ባትሪዎችና የተሰበረ ፓወር ባንክ ነበሩ። ባትሪዎቹ ሲጨፈለቁ ጭስ ወጣ፤ ወዲያው እሳቱ ፊቱና ደረቱ ላይ ዘለለ።

ስደርስ ሰዎች በብርድ ልብስ ጠቅልለውት ነበር። በባጃጅ ሆስፒታል ስንወስደው እጄን ፈልጎ ያዘ። "አዴ የሺ፣ ጋሪውን መንገድ ላይ ተውኩት። ሰው እንዳይሰናከልበት።"

ይህን ነው ያለኝ። ጥቂት ሰንብቶ አረፈ።

ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ እምነት የምትባል መምህርት ገባች። በሩ ላይ እንደቆመች፣ "ፌስታሉ የኔ ነው" አለች። የዱቤ ባለቤት ናኦሚ ቀና ብላ አየቻት።

"አውቀሽ ነው?"

"አላውቅም ነበር። አሮጌ ነው ብዬ ጣልኩት።"

ናኦሚ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ፣ "ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ" አለቻት። "ከሐዘን ስንነሣ ግን ለማያውቀው ሁሉ ንገሪ።"

ነገረች። ሦስታችን ጨለለቂን በር በር እያንኳኳን ዞርን። አንዳንዱ ሰደበን፤ አንዳንዱ ከአልጋ ሥር የሞተ ሬዲዮ፣ ቻርጀር፣ የተሰነጠቀ ስልክ እያወጣ አስረከበን። መሥሪያ ቤታችን መጋዘን ሰጠን። ባትሪው ለብቻው ደረቅ አሸዋ ባለበት በርሜል ይገባል፤ ሌላው ሲጠራቀም ፈትተው ለሚለዩት ሰዎች በመኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ወሬው ቢላ ከተማ ድረስ ደርሶ ከዚያም ይልኩልናል። ከዱቤ ወዲህ ከሰብሳቢዎቻችን አንድም የተቃጠለ የለም።

ደስታ ነው? ነው። ግን አንዲት ባትሪ አሸዋው ውስጥ በገባች ቁጥር ዱቤ ትዝ ይለኛል። ምነው ያኔ? ምነው አንድ ሰው አስቀድሞ በነገረን? ይህንንም ይዤ ነው የምወጣው።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው "አሮጌ ነው፣ ምን ያደርጋል?" ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ሳትሰለቹ አስረዱ። ቢሰድባችሁም።

ወገኖቼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ፤ አገራችን ሰላም ትሁን። ጠዋት ትታችሁት የምትወጡት ቤታችሁ፣ ማታ ሙሉ አካላችሁን ይዛችሁ ስትመለሱ ይቀበላችሁ።