ከዛጎል ለቃሚዎቹ አርባ እርምጃ ኋላ፦ የልጄ ዜና ሕይወት

ልጄን ልትሸኙልኝ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ወላጅ እናታቸው ነኝ፤ የሚያነብላችሁ ግን ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እኔ ላንብብ ብል ከሁለተኛው መስመር እንደማላልፍ እሱም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ «እኔ» እያለ ሲያነብ እኔን ማለቱ ነውና ግር አይበላችሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፈ የቃል ግድፈት ብትሰሙ የእኔ ነው፤ ሲያነብ ከተደናቀፈ ግን የራሱ ነው።

ልጄ የተወለዱት የዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት፣ ከአባታቸው ጸጉር ቤት ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ ነው። አባታቸው ጸጉር አስተካካይ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ እንደምሠራው የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጸጉር ቤቱ ውስጥ ካለችው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ወሬው ሁሉ በላያቸው ሲያልፍ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ይሰሙ ስለነበር፣ አንድ ደንበኛ «ይህቺ ልጅ ምላስ የላትም እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ አባታቸው ምላጩን እየሳሉ «አላት፤ ለክፉ ቀን አስቀምጣዋለች» ማለታቸው በሰፈራችን ሲነገር የኖረ ነው። እኒያ አባት ልጄ አሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው በድንገት አረፉ፤ ከዚያ በኋላ የታናሽ ወንድማቸውን ደብተር የሚያዩት፣ ቁልፍ የሚተክሉልኝ፣ የሰፋሁትን ልብስ ለደንበኛ የሚያደርሱት ልጄ ሆኑ።

ትምህርታቸውን በመልካም ውጤት ጨርሰው በባዮሎጂ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ፣ በከተማው ውኃ አገልግሎት ቤተ ሙከራ ተቀጥረው ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ጠዋት ጠዋት ከየሰፈሩ ቧንቧ ውኃ በጠርሙስ ቀድተው፣ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ንጹሕ መሆን አለመሆኑን መርምረው ይፈርሙ ነበር። የጻፉት ቁጥር ስሕተት ሆኖ ቢያገኙት ሌላ ሰው ሳያየው ራሳቸው ወደ አለቃቸው ይዘውት ስለሚሄዱ፣ አለቃቸው «አንቺ ልጅ፣ ራስሽን እየከሰስሽ እኮ ሥራ አበዛሽብኝ» ይሏቸው እንደነበር እኒሁ አለቃቸው ትናንት ቤቴ መጥተው እያለቀሱ ነግረውኛል።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው ከአንድ ቀያሽ ጋር ትዳር መሥርተው አራት ዓመት አብረው ኖሩ። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጣቸውም። በመጨረሻም ያለ ጠብና ያለ ሽማግሌ ተለያዩ፤ ምክንያቱን ሁለቱም ስላልነገሩኝ እኔም አልጠየቅሁም። ያ ሰው ዛሬ እዚህ መካከላችን ቆሟል፤ ስለመጣህ እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ልጄ ግን ባሕር የሚባል ነገር በዓይናቸው ሳያዩ፣ ባሕርን ስለሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች መጽሔት ላይ አንብበው ልባቸው ሸፈተ። ዋና ስለማይችሉም በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ከሰባትና ከስምንት ዓመት ሕፃናት ጋር መዋኛ ገንዳ ገብተው መማር ጀመሩ። ሕፃናቱ ልጄ ሲሰምጡ እያዩ «እትዬ ድንጋይ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ልጄም ማታ ለእኔ ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር። በአምስተኛው ወር ድንጋዩ ተንሳፈፈ፤ በሠላሳ ሁለት ዓመታቸውም የስድስት ወር ፈቃድ ወስደው ባሕር ተሻግረው ሄዱ። በዚያን ጊዜ «ልጅሽ ዓሣ ልትጠብቅ ሄደች አሉ፤ ዓሣም ይሰረቅ ጀመር እንዴ?» ትለኝ የነበረችው ጎረቤቴ ዛሬ ከሁላችሁ ቀድማ መጥታ ወንበር ስትደረድር ነበር።

የሄዱባት ደሴት ከወደቡ የግማሽ ቀን የጀልባ መንገድ የምትርቅ፣ ከዳር እስከ ዳር በእግር ሁለት ሰዓት የማታስኬድ ናት። ያረፉበት ክፍል መረብና ገመድ ከሚቀመጥበት መጋዘን በላይ ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበርና ለልብስ መስቀያ የተመቱ ሦስት ምስማሮች ብቻ የነበሩበት ነው። ሥራቸውም በተዘረጋ ገመድ ላይ እየዋኙ ዓሣ መቁጠርና ቁጥሩን ውኃ በማያበላሸው ሰሌዳ ላይ በእርሳስ መጻፍ፣ ደግሞም ኮራል የሚሉትን ድንጋይ መሳይ ሕይወት ያለው ነገር ስባሪውን ገመድ ላይ አስሮ ማሳደግና ዝቃጩን በጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ነበር። እኔም ይህን ስሰማ «በቤትሽ ያለውን ድስት እንዲህ ብትፈትጊልኝ» ብያቸዋለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁን ያኔ አላውቀውም ነበር፤ ልጄ የነገሩኝ ታመው ከተመለሱ በኋላ ነው።

በደሴቲቱ ዙሪያ ዓሣው እየተመናመነ ስለሄደ ከባሕሩ አንዱ ክፍል ለሦስት ዓመት እንዲያርፍ ተወሰነና፣ የሚዘጋውን ቦታ በካርታ ላይ የማስመሩ ሥራ ለልጄ ተሰጠ። ልጄ አጥማጆቹን ጀልባ ማቆሚያው ላይ ሰብስበው ማን የት እንደሚያጠምድ ቢጠይቁ፣ ወንዶቹ በዳር በኩል ያለውን ጥልቀት የሌለውን ውኃ እያመለከቱ «እዚያ ማንም አያጠምድም፤ እሱን ዝጉት» አሏቸው። አልዋሹም፤ በጀልባና በመረብ የሚገባበት አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ጠዋት፣ ባሕሩ ወደ ኋላ በሸሸበት ሰዓት፣ የደሴቲቱ ሴቶች በዚያው ቦታ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ውስጡ የሚበላ ዛጎልና ኦክቶፐስ የሚሉትን ባለ ስምንት እግር የባሕር እንስሳ እየለቀሙ ነበር። ባል የሌላትም፣ ጀልባ የሌላትም፣ ያረጀችውም ቤቷን የምታኖረው ከዚያ በምትለቅመው ነው። ስብሰባው እነርሱ ሥራ ላይ በነበሩበት ሰዓት ስለተደረገ አንዲትም ሴት አልተጠየቀችም። መስመሩ ተሰመረ፣ ወረቀቱ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፤ ሴቶቹም ነገሩን የሰሙት የጥበቃ ጀልባ መጥቶ ከውኃው ውጡ ሲላቸው ነው።

ልጄ ጥፋታቸውን ሲያውቁ ሴቶቹ ወደሚቀመጡበት ሄደው በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁ። ሴቶቹ አልተሳደቡም፣ አልተቆጡም፤ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሃያ ሦስቱ ዛጎል ለቃሚዎች አንዷም ልጄን አላናገረቻቸውም። ሱቅ ሲገቡ ወሬው ይቆማል፤ ጀልባ ላይ ሲቀመጡ አጠገባቸው ያለው ቦታ ባዶውን ይሄዳል፤ የሴቶቹም ልጆች ከእናቶቻቸው አይተው ዓይናቸውን ይሰብሩባቸው፣ ወንዶቹም ከሴቶቻቸው ላለመጣላት ይርቋቸው ነበር።

ስድስት ወሩ ሲያልቅ ጓደኞቻቸው በጎ ፈቃደኞች ሻንጣቸውን ይዘው ሲመለሱ ልጄ ቀሩ። ለእኔ ግን በስልክ የነገሩኝ «ሥራው ተራዝሟል እማ፣ ሰዉ በጣም ስለወደደኝ አልለቅም አለኝ» ብለው ነው። እኔ ክፍላቸውን ቀለም አስቀብቼ፣ አዲስ መጋረጃ ሰፍቼ፣ ለሰው ሁሉ መምጫቸውን ተናግሬ ነበርና ሆድ ባሰኝ። የባዕድ ሰው ፍቅር ከእናት በለጠባት ብዬ አኮረፍሁ፤ ስልካቸውንም ማንሳት ተውሁ። ልጄ እሑድ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደውሉ ነበር። ከጸሎት ተመልሼ ስልኩን ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጥና እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ ወደ መሀል እመልሰዋለሁ እንጂ አላነሳውም። ሰባት ወር እንዲህ ሆንኩ። ጾሜንም ጸሎቴንም አላጓደልኩም ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በእነዚያ ወራት ልጄ የሚያደርጉት ይህን ነበር። ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ሴቶቹ ከክልሉ ውጪ ወዳለው፣ ርቆና ስለታም ድንጋይ ሞልቶት ወደሚገኘው ቦታ ሲሄዱ፣ ልጄ ከኋላቸው አርባ እርምጃ ያህል ርቀው፣ ሳይጠጉና ሳይናገሩ ይከተላሉ። እያንዳንዷ ሴት ምን ያህል እንደለቀመች፣ ምን ያህል መንገድ እንደሄደች፣ እግሯ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ በሰሌዳቸው ይጽፋሉ። ከዚያም ጽሑፉን ይዘው፣ ባሕር ተሻግረው፣ የዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ጊዜ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «እመቤት፣ ሴቶች ለወጥ የሚለቅሙት እፍኝ ዛጎል በመንግሥት ካርታ ላይ አይገባም» ብሎ መለሳቸው። በሁለተኛው ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ። በሦስተኛው ጊዜ የአሥራ አንድ ወር ቆጠራ ይዘው ገብተው፣ በደሴቲቱ ከሚበላው ሁሉ ከግማሽ የሚበልጠው ከሴቶቹ ቅርጫት እንደሚወጣ በቁጥር አሳዩ። ኃላፊውም ወረቀቱን ደጋግመው ካዩ በኋላ ካርታው እንዲስተካከል አዘዙ፤ ዳር ዳሩ ለሴቶቹ ተመለሰ፤ መቼ እንደሚያርፍና መቼ እንደሚለቀም የሚወስኑትም ሴቶቹ ራሳቸው እንዲሆኑ ተፈረመ።

ይህ እስኪሆን ሴቶቹ ልጄን ካናገሯቸው አሥራ አራት ወር ሞልቶ ነበር። ወረቀቱ በተነበበ ማግስት ሴቶቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ሲገቡ ልጄ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ቀሩ። ከለቃሚዎቹ መካከል ጀልባ ኖሯቸው የማያውቅ፣ ግን ሁሉን ስለሚያዝዙ «ካፒቴን» የሚባሉ አንዲት አሮጊት አሉ። እኒህ ካፒቴን ዞር ብለው፣ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው፣ ያን ሁሉ አርባ እርምጃ ተመልሰው መጡና የልጄን እግር እያዩ «ጫማሽ እኮ ቀዳዳ ነው! ሰው በዚህ ጫማ ድንጋይ ላይ ይሄዳል? ምን ዓይነት ልጅ ነሽ?» ብለው ተቆጧቸው። ልጄ ለመመለስ ቢሞክሩ ድምፃቸው አልወጣ አለ፤ በዚያ ደሴት ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ከሰው ጋር አላወሩም ነበርና።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በደሴቲቱ ቆዩ። ከእኔም ጋር ከዚያ ቀደም ብለን፣ ሰባቱ ወር ሲያልቅ ታርቀን ነበር፤ የታረቅነውም እንዲህ ነው። አንድ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፣ አሥርም ሆነ፣ ስልኩ ዝም አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲጠራ ሁለተኛውን ጥሪ ሳልጠብቅ አነሳሁት። ልጄም «ማዕበል ነበር እማ፣ መብራት ሄዶብን ነው» ብለው፣ ትናንት የተለያየን ይመስል ስለ ቆርቆሮው ጣሪያ ያወሩኝ ጀመር። ስለ ሰባቱ ወር እሳቸው አላነሱም፤ እኔም ፈርቼ አላነሳሁም።

የዛሬ ዘጠኝ ወር በጉበት ሕመም ሰውነታቸው አልቆ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በተመለሱ በሦስተኛው ሳምንት ሴቶቹ ውኃው መሀል ቆመው የቀረጹት ቪዲዮ በስልክ መጣላቸው። ካፒቴን ከፊት ሆነው ጣታቸውን እያወዛወዙ ሲናገሩ አይቼ ምን እያሉ ነው ብል፣ ልጄ «አሁንም ያንን ቀዳዳ ጫማ ነው የምታደርጊው? ነው የሚሉኝ» አሉኝ። የምን ጫማ ብዬ ጠየቅሁ፤ ልጄም ከላይ የሰማችሁትን ሁሉ ያን ዕለት አጫወቱኝ። እኔም በልቤ ወሩን ከወሩ ጋር ሳስተያየው፣ ሴቶቹ ዝም ባሏቸው ጊዜ እኔም ዝም ብያቸው ኖሯል። በዚያ ክፍል ውስጥ ልጄ በዓለም ላይ የሚያናግራቸው አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ልጄም ብድግ ሊያደርጉኝ እየሞከሩ «እማ፣ ዝም ብትይም እኮ ስልኩ ይጠራ ነበር። ከጠራ አለሽ ማለት ነው፤ ብታጠፊው ነበር የምደነግጠው» አሉኝ። ይህ ለእኔ ከሚገባኝ በላይ ነው። ሰው ሁሉ ልጄን ዝምተኛ ናቸው ይል ነበር፤ እኔም እል ነበር፤ ለካ እየደወሉ የነበሩት እሳቸው ነበሩ።

ልጄ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከትናንት በስቲያ ጠዋት፣ ወንድማቸው እጃቸውን ይዞ፣ እኔ እግራቸውን ይዤ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ወደ ፈጣሪያቸው ሄዱ። ከኋላቸው እኔን እናታቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና ሚስቱን፣ ሁለት የወንድማቸውን ልጆች፣ ዛሬ የሚያነብላችሁን አጎታቸውን፣ መርዶውን ሰምተው ትናንት ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ አንድም ዛጎል ሳይለቅሙ የዋሉ ሃያ ሦስት ሴቶችን፣ ሁላችሁንም ትተው ሄደዋል።

አቤቱ ጌታዬ ሆይ፣ ሰው ሲሞት ጸጥታና ዕረፍት ስጠው ተብሎ እንደሚለመን አውቃለሁ። እኔ ግን ለልጄ ጸጥታውን አልለምንላትም፤ ከበቂ በላይ ኖራበታለች። ነፍሷን ሰው በሚበዛበት፣ ስትገባ እንዴት አደርሽ፣ ስትወጣ ደህና ዋይ በምትባልበት አሳርፍልኝ። ገና ሳትደርስ ስሟን የሚጠራት ሰው በር ላይ አቁምላት። እኔ እስክመጣም ድረስ አጫውታት፤ አሜን።