ከማማው የሚሰማው ድምፅ

«መልክሽን ሳላይ ነው ድምፅሽን የወደድኩት» ብሎኝ ነበር ባሌ ሰይድ፣ ገና ሳያገባኝ። ያኔ ከአባቴ ማሽላ መሃል ማማ ላይ ቆሜ ወፍ ስጠብቅ ጩኸቴ ቆቦ ዳር ድረስ ይሰማ ነበር። ዘንድሮ ግን የልቤ ምት ተዛባና ክኒን ጀመርኩ። ልቤን አረጋጋልኝ፤ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ግን ያዞረኛል፣ ጉልበቴም ይዝላል። ሐኪሙ «ቀስ እያልሽ ተነሺ፤ ክኒኑን ግን አንድም ቀን እንዳታቋርጪ» አለኝ። ስለዚህ ማማችን ላይ የጎረቤታችን ልጅ ዘሃራ ወጣች። እሷ ከላይ፣ ባሌ ከታች። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ድምፅዋን በሰማሁ ቁጥር ውስጤ ይንገበገባል።

አንድ ጠዋት ማማው ላይ እንዳያዞረኝ ብዬ ክኒኑን ሳልውጥ በሻርፔ ጫፍ ቋጠርኩና ወደ ማሳው ሄድኩ። ስደርስ ልቤ ክኒን ሳልጀምር እንደነበረው ይደልቅ ጀመር። ባሌ ገበያ ሄዶ ዘሃራ ብቻዋን ነበረች። «ውረጂ፣ እኔ እወጣለሁ» አልኳት።

ወረደችና «እንኳን መጣሽ እታለም! ባልሽ አደረቀኝ እኮ» አለች። «‹የሷን ጩኸት የሰማች ወፍ ዋጃ ሳትደርስ አታርፍም ነበር፤ ባንቺ ጩኸት ግን ወፏን እንቅልፍ ይወስዳታል› ይለኛል በየቀኑ። ባንቺ እየቀናሁ ነው የምውለው።»

ሳቄ መጣ። ቅናቴ ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ልቤም መደለቁን አልተወም። «በይ ተመልሰሽ ውጪ፤ ድምፅሽን ግን ብዙ አታሳምሪው» አልኳትና የያዘችውን ውሃ ተቀብዬ ክኒኔን ዋጥኩ።